«መቀስ» እና ጠቅልሎ የመጣው ወንድሟ

በማሠልጠኛ ተቋሙ ግቢ እውነተኛ ስሟን የሚያውቅ ሰው ፈልጎ ማግኘት ይቸግራል። ለሁሉም «መቀስ» ናት። ስሙን ማን እንዳወጣላት በእርግጥ አይታወቅም፤ ከክፍያው ላይ ግብር ተቆርጦበት ፊቱን አጥቁሮ የወጣ አንድ እንግዳ መምህር ሳይሆን አይቀርም። እሷም ታውቃለች። መጀመሪያ ሰሞን ሆድ ብሷት ነበር፤ ኋላ ግን «ከስም ላይ ግብር አይቆረጥም፣ ይበሉኝ» ብላ ተወችው።

ሥራዋ እንዲህ ነው። ተቋሙ ስለ ሞተርና ስለ ውሃ ፓምፕ የሚያስተምሩ ባለሙያዎችን ከውጭ አገር ለአንድ ወሰነ ትምህርት ይጋብዛል። እነዚህ ሰዎች የአገሩ ነዋሪ ካልሆኑ፣ ከሚከፈላቸው ላይ የመንግሥት ግብር እጃቸው ሳይገባ ቀድሞ ይቀነሳል፤ የተቀነሰውም በየወሩ ለግብር ቢሮው ሪፖርት ይደረጋል። ነዋሪ የሆነ ሰው የትም አይሄድም፤ ዓመቱ ሲያልቅ ቤቱ ድረስ ተኪዶ ይጠየቃል። እንግዳ ግን አንዴ አውሮፕላን ላይ ከወጣ ማን ይከተለዋል? ስለዚህ ሕጉ አንቆ የሚይዘው ከፋዩን ነው። መቀነስ ሲገባው ያልቀነሰ ከፋይ የጎደለውን ራሱ ይሞላል። ከእሷ በፊት በዚያ ወንበር የተቀመጠው ሰውዬ በጣም ደግ ነበር ይባላል። «እዚሁ እኖራለሁ» ያለውን ሁሉ እያመነ «ነዋሪ» ብሎ ይጽፍለት ነበር። ደግነቱ ታዲያ ከወንበሩ አስነሳው።

ክፍሏ ደረጃው ሥር ናት። ጣሪያው በአንድ ወገን ዘቅዘቅ ያለ ስለሆነ ረዘም ያለ እንግዳ ሲገባ አንገቱን ሰበር አድርጎ ነው የሚቀመጠው፤ እንዲህ ሆኖ መከራከር ደግሞ አይመችም። አንድ ጠረጴዛ፣ ሦስት ወንበሮች፣ ገፍተው ቢዘጓትም ተመልሳ የምትከፈት አንዲት መስኮት አሏት። ተማሪዎች ከፎቅ ሲወርዱ ኮቴያቸው በቀጥታ በአናቷ ላይ ያልፋል። እሷም ለምዳው ኮቴው እስኪያልፍ ቃሉን በአፏ ይዛ ትጠብቅና ካቆመችበት ትቀጥላለች።

ሕጉ ማወቅ የሚፈልገው ሁለት ነገር ነው፤ ሰውየው ከግማሽ ዓመት በላይ ይቆያል ወይ? ቋሚ መኖሪያውስ የት ነው? መቀስ እነዚህን ጥያቄዎች በቀጥታ ጠይቃ አታውቅም። በቀጥታ የተጠየቀ ሰው የሚመልሰው ወይ የሚመኘውን ነው፣ ወይ የሚቆረጥበትን የሚያሳንስለትን። ስለዚህ ስለ ኑሮ ታወራለች። ማኅተሙን በጨርቅ እየወለወለች «ለመሆኑ ቤትዎን ማን ይጠብቅልዎታል?» ትላለች። «አበባዎቹንስ ማን ያጠጣል? ካፖርትዎን ይዘውት መጡ ወይስ እዚያው ነው?» እንግዳው ጨዋታ የተጀመረ መስሎት ዘና ይላል።

አንድ ሸበቶ የሞተር መምህር እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ «የምቀበረው እዚሁ ነው» ብሎ ምሎላት ነበር። ጨዋታ ጨዋታን ሲያነሳ፣ ድመቱን እህቱ ዘንድ ትቷት እንደመጣ፣ እህቱም ከስድስት ወር ወዲያ አንዲት ቀን አልጠብቅልህም እንዳለችው አጫወታት። ተቆረጠበት። አንዲት ወጣት መሐንዲስ ደግሞ ፈተና ባለቀ በማግስቱ እንደምትበር ስትነግራት ቆይታ፣ መሐል ላይ «ይሄ አናጺ አልጋዬን አዘገየብኝ እኮ» አለች። መቀስ ብዕሯን አስቀመጠች። «የምትሄጂ ሰው አልጋ ታሠሪያለሽ እንዴ?» ልጅቷ ሳቀች፤ ከዚያ ሳቋ ቀስ እያለ ጠፋ። የዚያን ዕለት ቅጹን ሳይሞሉ ተለያዩ። ልጅቷ ይኸው እስከ ዛሬ አለች፤ ግብሯንም የምትከፍለው እንደማንኛውም ነዋሪ ነው።

እንግዲህ የባዕድ ሰው ልብ እንዲህ የሚገለጥላት ሴት በገዛ ቤቷ ምን ይሰወርባታል ብሎ የሚያስብ ቢኖር አይፈረድበትም። የሚሰወርባት ግን ብዙ ነው።

ቤታቸው ከተቋሙ በአውቶቡስ የሚኬድ ነው። አባቷ ዕድሜውን በከባድ መኪና ሹፌርነት ጨርሶ፣ ጉልበቱ ሲከዳው መሪውን ያስረከበ ሰው ነው። እናቷ ካረፈች ወዲህ በቤቱ ያሉት ሁለቱ ብቻ ናቸው። ጠዋት መድኃኒቱን አውጥታ ትሄዳለች፤ ማታ ገብታ ጉልበቱን በሞቀ ፎጣ ታሽለታለች፤ ቀን ቀን ጎረቤታቸው ልብስ ሰፊዋ ብቅ እያለች ታየዋለች። ነጭናጫ ነው። መስኮቱ ሥር ያለውን ወንበሩን ያንቀሳቀሰበት፣ ሬዲዮውን የነካበት ሰው አበሳውን ያያል። መንገድ ላይ ከባድ መኪና ባለፈ ቁጥር ሳያይ በድምፁ ብቻ «ይሄ ማርሹን ይፈጀዋል» ብሎ ሹፌሩን ይራገማል። እሷ ግን ትወደዋለች። ደክሟት በምትነጫነጭበትም ቀን ትወደዋለች።

ተቋሙ ሌላ ከተማ፣ በአውቶቡስ ሙሉ ቀን የሚያስኬድ ቦታ፣ ሁለተኛ ግቢ ከፍቷል። የፋይናንስ ኃላፊው የዚያን ግቢ ሒሳብ ክፍል እንድትመራ ሲጠይቃት ይህ ሁለተኛ ጊዜው ነው። በመጀመሪያው «አባቴ ቤቱን ትቶ አይሄድም፣ እኔም እሱን ትቼ አልሄድም» ብላ ሳታቅማማ እምቢ አለች። ከዚያ ወዲህ ግን ለማንም ሳትተነፍስ ስለዚያ ከተማ ታስብ ጀመር። መስኮቱ የሚዘጋ ክፍል ታስባለች። ሥራውን ከእሷ የሚማሩ ሰዎች ታስባለች። ሌላው ሲሄድ ሸኚ ሆና የኖረች፣ ራሷ ግን ሻንጣ አዘጋጅታ የማታውቅ ሴት ናት። ማሰቡ ደስ ይላታል፤ ደስ ስላላት ደግሞ ታፍራለች። ኃላፊው አሁን «እስከ ዓርብ ቁርጡን ንገሪኝ፣ ካልሆነ ሌላ ሰው እፈልጋለሁ» ብሏታል።

ታናሽ ወንድሟ የመጣው በዚህ መሐል ነው። በልጅነቱ ለትምህርት ወጥቶ እዚያው ቀርቶ፣ የዚያን አገር ፓስፖርት አውጥቶ፣ የውሃ ፓምፕ መሐንዲስ ሆኖ የኖረ ነው። ተቋሙ ለአንድ ወሰነ ትምህርት ጋበዘው። ሻንጣውን በረንዳው ላይ ጥሎ አባቱን አቀፈና «አባዬ፣ ጠቅልዬ መጣሁ» አለ። አባትየው ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ከዚያ ወዲያ ለልብስ ሰፊዋ፣ ለጋዜጣ አዟሪው፣ መንገድ ተሳስቶ በሩን ላንኳኳ ሰው ሳይቀር «ልጄ ጠቅልሎ መጣልኝ» እያለ ሲያወራ ሰነበተ።

መቀስም አመነች። ማመን ፈልጋለቻ! ወንድሟ ከቆየ አባታቸውን የሚያይ ሰው ተገኘ ማለት ነው፤ እሷም መሄድ ትችላለች። ማታ ማታ ሁለቱ ሲሳሳቁ ከጓዳ ሆና ስትሰማ ልቧ በደስታ ይሞላል፤ ወዲያው ደግሞ «ደስ ያለኝ ለእሱ ነው ወይስ ለራሴ?» እያለች ራሷን ትጠይቃለች።

ረቡዕ ዕለት የወንድሟ የመጀመሪያ ክፍያ ደረሰ። ኃላፊው ዘንድ ወጣች።

«ጋሼ፣ ይሄኛው ወንድሜ ነው። ሌላ ሰው ይሥራው።»

«ሌላ ማን አለኝ?» አለ ኃላፊው ከወረቀቱ ቀና ሳይል። «ነዋሪ የሆነውንና ያልሆነውን መለየት የምታውቂው አንቺ ነሽ። ገንዘብ ያዥዋ አጠገብሽ ትቀመጥና አብራሽ ትፈርም።»

ገንዘብ ያዥዋ ጥሪው ሲደርሳት እየበረረች ነው የወረደችው። የወንድምና የእህት ነገር ሊታይ ነውና ወንበሯን ሳብ አድርጋ ተመቻቸች። ወንድሟ አንገቱን ሰበር አድርጎ ገባ፤ እየሳቀ ነበር።

«እታለም፣ እኔን ፈረንጅ ልትዪኝ ነው አሉ?»

«ፓስፖርትህ ነው ያለህ። ተቀመጥ።»

«አዝለሽኝ አይደለም እንዴ ያሳደግሽኝ?»

«ሕጉ ማን አዘለህ ብሎ አይጠይቅም» አለች፤ ገንዘብ ያዥዋ ከት ብላ ሳቀች። «ፓስፖርቱንም ቢሆን ተወው። የውጭ ፓስፖርት ይዞ ነዋሪ የሆነ ሞልቷል። ጥያቄው የት ትኖራለህ ነው።»

«እዚህ ነዋ! ጠቅልዬ መጣሁ አላልኩም? ነዋሪ ብለሽ ጻፊና ገላግይኝ።»

ብዕሯ «ነዋሪ» ከሚለው ሳጥን ላይ ደርሶ ነበር። እዚህ ላይ ማቆም ትችል ነበር። ወንድሟ ነው፣ በምስክር ፊት ቃሉን ሰጥቷል። አንዲት ምልክት ብታደርግ አባቷ ደስ ይለዋል፣ ኃላፊው ደስ ይለዋል፣ እሷም ዓርብ ሳይደርስ «እሄዳለሁ» ትላለች። ግን የሥራ ልማድ ክፉ ነው፤ እጇ ቆመና አፏ ሳያማክራት ጀመረ።

«ቤትህን ለማን ሰጥተኸው መጣህ?»

«ለጓደኛዬ። ባዶውን ከሚቀመጥ ብዬ።»

«ተከራይቶህ ነው?»

«ኧረ ወዲያ! መብራትና ውሃውን ይክፈል እንጂ።»

«ዕቃህስ?»

«እዚያው ነው። ወዴት አደርገዋለሁ?»

«መኪናህንስ ሸጥካት?»

«ምን ያሸጠኛል? ሸፍኛት ነው የመጣሁት። ባትሪዋ እንዳይሞት ጓደኛዬ በየሳምንቱ ያስነሳልኛል…» አለና አቆመ።

ተማሪዎች በደረጃው ወረዱ። ኮቴው በአናታቸው ላይ አለፈ። ገንዘብ ያዥዋ ድንገት ውሃ እንደጠማት ተናግራ ተነሳች። ወሬ እንዲህ በጋመበት ሰዓት በገዛ እግሯ ትታ ስትወጣ መቼም ያ የመጀመሪያዋ መሆን አለበት።

«ማን ሊነዳት ነው ባትሪዋ የማይሞተው?» አለች መቀስ፣ በሩ ሲዘጋ።

ወንድሟ ግንባሩን በመዳፉ አሸ። ያ ሁሉ ሳቅ ከፊቱ ላይ ጠፋ። «ፈተናው ሲያልቅ እመለሳለሁ» አለ በመጨረሻ። «ፈቃድ ጠይቄ ነው የመጣሁት፣ ሥራዬን አልለቀቅኩም።»

«ታዲያ ጠቅልዬ መጣሁ ያልከው?»

«በር ላይ ሳየው፣ እንዲህ ኩምሽሽ ብሎ፣ ያ ሁሉ ትከሻ የት እንደገባ እንጃ… ሳላስበው ከአፌ ወጣ። ከዚያ ለአገሩ ሁሉ አወራው። ዛሬ እነግረዋለሁ፣ ነገ እነግረዋለሁ እያልኩ ይኸው።»

«ለዚህ ነው ነዋሪ ብለሽ ጻፊ የምትለኝ?»

«ለገንዘቡ እንዳይመስልሽ፣ እታለም። አንቺ ከጻፍሽው እውነት የሚሆን መሰለኝ።»

ተናደደች። በእሱ ብቻ ብትናደድ ይቀልላት ነበር። የተሸፈነች መኪና ያለው የማታውቀው ሰው ቢመጣ አፍታ ሳትቆይ ትነቃበታለች። ይህኛው ግን ከግድግዳዋ ማዶ ተኝቶ ሲያድር ስለ ቤቱም ስለ መኪናውም አንዲት ቃል ሳትጠይቀው ሰንብታለች። ሳትጠይቅ የቀረችው ዘንግታ አልነበረም፤ መልሱን ፈርታ ነው።

«ስትሄድ አባዬን ማን ያየዋል?»

«አንቺ አለሽ አይደል?» አለ። ክፋት የለበትም፤ ነገ ጠዋት ይነጋል እንደሚል ሰው ነበር ያለው።

ይህ ነው ያቃጠላት። ስለ ሌላው ከተማ፣ ስለ ሁለተኛው ግቢ፣ ስለ ዓርብ ሁሉንም ዘረገፈችለት። እሱ አፉን ከፍቶ ሰማ።

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ማን ጠየቀኝ?»

ወንድሟ አንገቱን ደፋ። እሷም ቅጹን ወደ ራሷ ሳብ አድርጋ «ነዋሪ ያልሆነ» የሚለው ላይ ምልክት አደረገች፤ የሚቀነሰውን ቀንሳ፣ ወረቀቱን አዙራ ፊቱ አስቀመጠች። ሳያነብ ፈረመ፤ የገንዘብ ያዥዋ መፈረሚያ እስክትመለስ ክፍት ቀረ።

«ዛሬ፣ ራት ሳይቀርብ ትነግረዋለህ» አለችው። «እኔ አልነግርልህም።»

ወደ ቤት አብረው ሄዱ። አውቶቡሱ ሞልቶ ስለነበር ዘንጉን ይዘው ጎን ለጎን ቆሙ። ወንድሟ ከንፈሩን ሲያንቀሳቅስ በመስታወቱ አየችው፤ የሚናገረውን እያጠና ነው። ልጅ ሳለ ሰሐን ሰብሮ ከእናታቸው ፊት ከመቅረቡ በፊት እንዲሁ ያደርግ ነበር። አሳዘናት። ብታዝንም እጁን አልያዘችውም።

ያጠናው ሁሉ በሩን ሲያልፍ ጠፋበት። አባቱ እግር ሥር በርጩማ ስቦ ተቀመጠና እንዲሁ በአጭሩ ነገረው፤ አልጠቀለልኩም፣ ሥራዬም ቤቴም እዚያ ነው፣ ዋሸሁህ። አባትየው እጁን ዘርግቶ ሬዲዮውን አጠፋ።

«መቼ ነው የምትሄደው?»

«ፈተናው እንዳለቀ።»

«ለልብስ ሰፊዋ ምን ልበላት?» አለ አባትየው፤ አክሎም «እኔ ነኝ መቼም ያገር ሰው መሳቂያ» ሲል አጉረመረመ። ልጁ ዕንባው ሲመጣ ግን አላስቻለውም፤ ጭንቅላቱን ዳበስ አደረገው። «ተው በቃ፣ አልሞትኩም። መምጣትህ ደስ ብሎኛል። እሱስ ውሸት አይደለም።»

እዚህ ላይ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። ወንድሟ ግን ጸጸቱ ገፋፋውና «እታለምም እኮ በእኔ የተነሳ ነው የምትቀረው። ሌላ ከተማ አለቃ ሊያደርጓት ነበር» አለ። በዓይኗ ቆጣችው፤ ነገሩ ግን ከአፉ አምልጧል።

አባትየው ወደ እሷ ዞረ። «የት ነው?»

የከተማዋን ስም ነገረችው። ቶሎ ብላም «ተወው አባዬ፣ ነገ እምቢ እላቸዋለሁ፣ ፊትም ብያለሁ» አለች።

«ፊትም ጠይቀውሽ ነበር?»

«ነበር።»

«ምን ብለሽ መለስሻቸው?»

«አባቴ ቤቱን ትቶ አይሄድም ብዬ።»

«እኔ ነኝ እንዲህ ያልኩት?»

በእርግጥም እሱ አላለም።

«እኔ ስንት ዘመን መኪና ውስጥ ያደርኩ ሰው ነኝ» አለ አባትየው፤ አሁን ድምፁ ከፍ ብሏል፤ ልጁ ዋሽቶት እንኳ እንዲህ አልተቆጣም። «ይሄን ቤት የሠራሁት ለእናትሽ ነው፤ መንገድ ስለማትወድ። እሷ ካረፈች ወዲያ እዚህ ቁጭ ያልኩት አንቺ ቤቱን የምትወጂው መስሎኝ ነው። እዚህ ወንበር ላይ ያስቀመጠኝ ሌላ ምን አለ? ደግሞ ያገሩን ሰው ሁሉ የት ትኖራለህ እያልሽ ታስጨንቂያለሽ አሉ። እኔንስ ጠይቀሽኝ ታውቂያለሽ?»

ለስንቱ እንግዳ ነገር አዙራ የጠየቀች ሴት አሁን ማዞሪያው ጠፋባት። በድመት አልመጣላት፣ በካፖርት አልመጣላት። ስንት ዓመት አብራው በልታ፣ ጉልበቱን አሽታ፣ የሚፈልገውን ራሷ ወስና፣ ራሷ አዝናለት፣ እሱን ሰበብ አድርጋ ቀርታለች። እናም በሥራዋ አድርጋው የማታውቀውን አደረገች፤ በቀጥታ ጠየቀችው።

«አባዬ፣ ከእኔ ጋ ትሄዳለህ?»

አባትየው የወንበሩን ክንድ በሁለት እጁ ይዞ መነሳት ጀመረ። ወንድሟ ሊደግፈው ብድግ ቢል በክርኑ መለሰው። ጉልበቱ ተንቋቋ፣ ተራገመ፣ ግን ቀጥ ብሎ ቆመ።

«ደረጃ ያለው ቤት እንዳትከራዪ» አለ። «መቼ ነው የምንነሳው?»